አገሬ ብለው የጠሩኝ ሰሞን

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ውሃው ሞቋል። አያ ቢረሳው እግሬን አላስነካም ብለዋል፤ ዛሬም። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እልሃቸው ብሷል። ዕድሜ ልኩን ጋሪ ሲከተል የኖረ እግር በሴት እጅ አይታጠብም ነው ነገሩ። አጠብኩት። ተሳደቡ። ጨረስኩ። መረቁኝ። የየጠዋቱ ሥርዓታችን ይኸው ነው።

ረዳቴ ሙሉ ኩሽና ናት። ድንች ትልጣለች፣ መዝሙር ትዘምራለች። እሷ ከወንጌል አማኞቹ ናት፣ እኔ ከማርያም ደጅ። ኩሽናው ሁለታችንንም ችሎ ይኖራል። ብርድ። ጉሙ እስካሁን አልተነሳም። ማገዶው እርጥብ።

ከሰዓት

አንድ ባጃጅ ነጂ አንዲት አዛውንት ይዞብኝ መጣ። መናኸሪያ ጥግ ከትናንት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር አለ። አይናገሩም፣ እግራቸው አብጧል። ፖሊስ ጣቢያ ቢወስዳቸው ኮማንደሯ ጋ አድርሳቸው አሉት።

ይህ ኮማንደር የሚሉት ነገር! እኔ ሌተናንት ነበርኩ፣ ያውም የባሕር ኃይል። ከተማው ግን በራሱ ሥልጣን ሾሞኛል። ግማሹ ሰው ጡረታ የወጣች ፖሊስ ነው የምመስለው። ጉምና ድንች በሚበዛበት አገር ስለ መርከብ ማስረዳት ሰለቸኝ፤ ተውኩት።

አልጋ የለም። ሁሉም በአዛውንቶቼ ሞልቷል። የራሴን ሰጠኋቸው። እኔ ከአጠገባቸው ፍራሽ አንጥፌ መሬት። ሙሉ ተቆጣች፤ ወገብዎን ያውቁታል አለች። አውቀዋለሁ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ተናገሩ! በአገውኛ።

ሙሉ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት፤ አንድ ቃል አልገባትም። እኔም አፈርኩ፣ ደብተር። ጥርባ ተወልጄ፣ አፌን በአገውኛ ፈትቼ፣ ዛሬ የምሰማው እኩሌታውን ነው። አባቴ ለትምህርት ወደዚህ አመጣኝ፤ ያኔ ሰው ሁሉ እንጅባራን ኮሶበር ነበር የሚላት። ከዚህ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ምጽዋ። መገናኛ ክፍል ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ የዋለች የአገው ልጅ አገውኛዋን ለማን ታወራዋለች? ቋንቋም እንደ ዘመድ ነው፤ ካልጠየቁት ይርቃል።

አያ ቢረሳውን መርቼ አስገባሁ። አስተረጎምኩ። ገብሱን ዝናብ መታው ወይ ነው የሚሉት። የት እንዳሉ አያውቁም። ስምዎ ማነው ስንላቸው ይስቃሉ፤ ስሜን ያልሰማ ሰው ቤቴ ምን ይሠራል ዓይነት ሳቅ። ባላቸው ገበያ ሄዷል፣ ሲመጣ እሱን ጠይቁት ይላሉ። ባልየው በሕይወት ይኑር አይኑር እንጃ።

አያ ቢረሳው አነጋገራቸውን ወደ አዘና ግድም ጠርጥረውታል። እርግጠኛ አይደሉም። ግን ፊታቸው በርቷል። የሚያጫውታቸው አገኙ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ፍለጋ። ኔትወርክ የለም፤ ፎቶ አይላክም። የአዘና መንገድም ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በአፍ።

ገበያ ወጣሁ። ድንች ነጋዴዎች፣ ከሰል ጫኞች፣ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች፤ ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ፦ ቀጭን፣ ጠይም፣ አገጫቸው ላይ ንቅሳት ያለባቸው፣ አገውኛ ብቻ የሚናገሩ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይናገሩልኛል። ሙሉም በጉባኤዋ ታስነግራለች።

ምጽዋ ሳለን አንድ መርከብ ሲጠፋብን በየጊዜው በሬዲዮ እየደጋገምን እንጠራ ነበር። አለቃዬ ዝምታን እንደ መልስ አትቁጠሩት ይል ነበር። ደግ ሰው ነበር። የት እንደወደቀ እንኳ አላውቅም።

ደከመኝ። ልተኛ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ስም ወጣልኝ፣ ደብተር! አገሬ።

ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ እማማ፣ አገሬ ነይ አሉ። ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። እኔን ነው። ወዬ አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

እግራቸው ሥር አስቀመጡኝ። ሻሼን ገፈፉ። ቅቤ አምጪ አሏት ሙሉን፤ በእጃቸው እያሳዩ። ቀብተው ጎነጎኑኝ። ሽበቴን እያዩ ምንም አላሉም። መዳፋቸው ሻካራ የገበሬ መዳፍ፣ ጣቶቻቸው ግን ቀስ ያሉ። እናቴ ከሞተች ፀጉሬን እንዲህ የነካው ሰው የለም። እሷ ያረፈችው መርከባችን በጦርነቱ ሸሽታ ከወጣች በኋላ፣ እኔ ከባሕሩ ማዶ የስደተኛ ሰፈር ውስጥ ሳለሁ ነው። መርዶው እንኳ ዘግይቶ ደረሰኝ። ወደ አገር ቤት ስመለስ ባሕር ኃይሉ ተበትኗል፣ የእናቴ ቤት ተዘግቷል። አዲስ አበባ አንድ ስልክ ቤት ተቀጥሬ ጡረታዬን ጠበቅኩ። አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ልጅ አልወለድኩም። ከዚያ ወደዚህ፣ ወደ አባቴ ግቢ። የመጀመሪያዋን አዛውንት ያስገባሁት ባዶ ቤት ስላስፈራኝ ነው። ሰው ጽድቅ ይለዋል።

ዛሬ መሬት ተቀምጬ ዝም ብዬ ተጎነጎንኩ።

ሙሉ ደስ አላላትም። ልጃቸው ሳይሆኑ ወዬ ማለት ውሸት ነው አለችኝ። ልጅዎ ነኝ አላልኩም፤ ወዬ ነው ያልኩት አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ ወጣች።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

አገውኛዬ እየተመለሰ ነው። ዛሬ ሳላስበው የዝናቡን፣ የእሳቱን፣ የበጉን ስም ጠራሁ። አያ ቢረሳው አጨበጨቡ። እማማ ግን አልደነቃቸውም፤ አገሬ ሁሌም ታውቃለች።

ሌሊት ሲባንኑ እጄን ፈልገው ይይዛሉ። ደስ ይለኛል። እንዲህ ብዬ መጻፌ ይበቃል።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ክፉ ቀን።

ሙሉ ጸሎት ቤት፣ እኔ ቅዳሴ። ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሏል፣ እማማ የሉም። ዝናብ ጀመረ። ሰፈሩን ዞርን። ኋላ ባጃጅ ይዤ በጥርባ መንገድ ወጣሁ። አንድ ፈረሰኛ መንገድ ዳር ከፈረሱ ወርዶ፣ የራሱን ጋቢ አልብሷቸው ቆሟል። ብቻቸውን ሲሄዱ አይቶ ልቡ አላስችል አለው። እግዜር ይስጠው። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ቤት ገብቼ ሙሉ ላይ ጮህኩ። በመርከብ ድምፅ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ በሩን ከፍቶ የተወው የድንች ጆንያ ያደረሰው ጋሪ ነጂ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር አለችኝ፤ ፊቷ ግን እስካሁን አልተፈታም።

ዋናው ነገር ይህ አይደለም። እማማ ቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ የጠመጠሙት ጨርቅ ነበር። ስናጥባቸው እንኳ አያስነኩትም፤ ክታብ መስሎኝ ተውኩት። ዛሬ በዝናቡ በስብሶ ነበር፤ ልብሳቸውን ሳወልቅ ተፈታ። ሥሩ ዙሪያውን የተላጠ ቁስል። ገመድ ነው። መርከብ ላይ የኖረ ሰው ገመድ ቆዳ ላይ የሚሠራውን አይስትም።

ሰው አስሯቸዋል። እንደ በግ።

ስማኝ ደብተር። ማንም ይምጣ፣ ማንም ይሁን፣ አልሰጥም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ኔትወርክ መጣ። ሙሉ ፎቷቸውን ለምታውቀው ሁሉ ላከች። ሳይመሽ ስልክ ተደወለ። አለልኝ ይባላል፤ ከአዘና ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ። የእማማ ስም የሺመቤት ነው አለኝ። እናቱ ናቸው። ከጠፉ ጀምሮ ገደል ለገደል ሲፈልጋቸው ነበር አለ።

ደህና ናት ወይ አለ። ደግሞ ጠየቀ። ከአንተ ቤት ይልቅ እዚህ ደህና ናቸው አልኩት። እግዜር ይስጥልን አለ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

መንገዱ ሊከፈት ነው ይባላል። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ይምጣ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

መጣ። ቦቲ ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፤ የመንገዱን አጋማሽ በእግሩ ነው። አንድ ፌስታል ማርና ሙልሙል ዳቦ ይዟል። አልተቀበልኩትም። ሙሉ ተቀበለችው።

ገና ሳይቀመጥ ጠየቅኩት።

"በገመድ ያሰርካቸው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

የሚክድ መስሎኝ ነበር የተዘጋጀሁት።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሚስቱ በኦፕራሲዮን ወልዳ ተኝታ ነበር። እሱ ማሳ ላይ። እናቱ ወደ ወንዝ መውረድ አመጡ። ከውሃ ውስጥ ያወጣቸው እሱ ራሱ ነው፤ ወንዙም ሞልቶ ነበር።

"እናቴን ውሃ ከሚወስድብኝ ከምሰሶ ባስራት ይሻላል አልኩ" አለኝ። "ያሰርኳት ዕለት እህል በአፌ አልዞረም። ሚስቴ እያለቀሰች ፈታቻት። በነጋው ገበያ ቀን ነበር፤ ከሰው ጋር ተቀላቅላ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ረዳቱ ከተሳፋሪ ጋር ያለች መስሎታል።"

ይዤው ገባሁ። እማማ አላወቁትም። ፈረስ ልትገዛ ነው የመጣኸው አሉት በአገውኛ፤ ይህን ያህል እኔም ገባኝ። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አዎ እማማ፣ ፈረሱ ይሸጣል ወይ አላቸው። አይሸጥም አሉ፤ የልጄ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አገሬ፣ ለእንግዳው ጠላ ቅጂለት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ተከተልኩት። አገሬ ታላቅ እህቱ ነበረች አለኝ። እዚህ እንጅባራ ነበር የተዳረችው። በወሊድ ሞተች፤ ያኔ እሱ ጎረምሳ ነው። እናቱ ልባቸው ከሸሸ ወዲህ ከቤት በወጡ ቁጥር አገሬ ቤት ልሂድ ነው የሚሉት።

ለካ ጠፍተው አልነበረም የመጡት። ልጃቸውን ፍለጋ ነው።

ዛሬውኑ ልውሰዳት አለኝ። ሳል ይዟቸዋል፣ ደግሞም ቤትህን ሳላይ አልሰጥም አልኩት። አልተከራከረኝም። እሺ እናቴ አለ። ከአያ ቢረሳው ጎን አንጥፈንለታል።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሙሉ ኩሽና በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ኮማንደር፣ አንድ ነገር ልበል?"

አትበይ ብላትም እንደምትል አውቃለሁ።

"ልጃቸው ደጅ ተቀምጦ ቤቴን እዩልኝ ይላል። እርስዎ ሳል ነው ይላሉ። ሳሉ ከቆመ ውሎ አደረ። የማይሰጧቸው ለእሳቸው ብለው ነው ወይስ ለእርስዎ?"

ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ሠራች። ድስቱን እያንኳኳች።

ምሳ አልበላሁም። ቀኑን ሙሉ ተበሳጨሁ። በእሷ፣ በልጁ፣ በእማማ ጭምር፤ እሱን አላውቅም ስላሉ ደስ ብሎኝ ነበርና። ይኸው ጻፍኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ እናት ልጇን ስትረሳ ደስ የሚለው ምን ዓይነት በጎ አድራጊ ነው?

ከነገ ወዲያ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ቤቱን አያለሁ። ከዚያ እወስናለሁ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ፣ አዘና

ሚኒባስ፣ ከዚያ ጋሪ፣ ከዚያ በእግር። እማማ በመንገድ ሁሉ እጄን አልለቀቁም። አለልኝ ጓዛቸውን ተሸክሞ ከኋላችን። ሰው ሲያየን ማን የማን እንደሆነ ሳይምታታበት አይቀርም።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ንጹሕ። በስተጓሮ ቀጭን መንገድ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ቆሜ አየሁት። ድምፁ እስከ በር ይሰማል። ሕፃን ያቀፈች አራስ ብቻዋን ይህን መንገድ ልትጠብቅ? እኔ በር፣ ግንብና ሙሉን ይዤ አምልጠውኛል።

ስመኝ፣ ሚስቱ፣ ገና ልጅ ናት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አቀማመጧ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ነው። ቆይቶ ገባኝ፤ ኮማንደር ትመጣለች ተብሎ ተወርቷል፣ ፖሊስ መስያታለሁ። ልታስሪን ነው የመጡት አለች ጎረቤቴ አለችኝ ተንተባትባ፤ እርስዎና አንቺ ተምታቶባት። የባሕር ኃይል ነበርኩ አልኳት። ባሕር የት አለና አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ፈራ ተባ እያለች ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

እማማ? ደጁን ሲረግጡ እጄን ለቀቁ። እንዲያው ለቀቁ፤ እንደ ዋዛ። በረት ገቡ። ጥጃውን በስሙ ጠሩ። ልጃቸውን ያላወቁ ሴትዮ የጥጃውን ስም አልሳቱም። ከዚያ ምድጃ አጠገብ የራሳቸው መደብ ላይ ቁጭ አሉ። ወገባቸው ረገበ። እኔ ቤት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልተቀመጡም። ይህን ያየ ዓይኔ ነው፤ ልክደው አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ቀርከሃ ቆርጠው መጡ። የወንዙን በኩል ሊያጥሩ። ገመዱን በመርከበኛ ቋጠሮ ሳስርላቸው ወንዶቹ ዳር ቆመው አዩኝ፤ አንዱ ደግመሽ አሳይኝ አለ። አሳየሁት።

ማታ ስመኝን ምን ልርዳሽ አልኳት። እህል፣ ልብስ፣ መድኃኒት የምትል መስሎኝ።

"አጥሩ ደግ ነው" አለች። "ግን የጎደለን አጥር አይደለም። እንቅልፍ ነው። ልጁ ሲተኛ እማማ ይነሣሉ፣ እማማ ሲተኙ ልጁ ይነሣል። ባሌ ማታ ይጠብቃል፣ ቀን ያርሳል። ጎረቤትም የራሱ ኑሮ አለው።"

እንቅልፍ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ፣ እንጅባራ

ተመለስኩ። ብቻዬን።

ስለያቸው አልተነሡም። ደህና ሁኚ አሉኝ፤ አገሬ ይበሉኝ አይበሉኝ አልሰማሁም። ላለመስማት ፈጥኜ ወጣሁ።

አልጋዬ ተመለሰልኝ። ወገቤ ዳነ። ሌሊት እጄን የሚፈልግ የለም። አያ ቢረሳው ቤቱ ዝም አለ አሉኝ። አገውኛ ላወራቸው ሞከርኩ። አያያዝሽ ደህና ነው፣ ግን እንደ ሕፃን ነው የምታወሪው አሉኝ። እማማም ያስተማሩኝ እንደ ሕፃን ነው።

ሙሉ ገንፎ አገነፋችልኝ። ቅቤውን አብዝታ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሳስብ ሰነበትኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ነው የማውቀው። በር ከፍቼ አስገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። ከቤቱ የተነቀለውን ሁሉ መልሼ ተከልኩ ብዬ። ስንቱ አዛውንት ነው፣ ቤተሰቡን አንድ ቀን ብቻ የሚያሳርፍለት ሰው ቢያገኝ ከቤቱ የማይወጣ የነበረ?

ለሙሉ ነገርኳት። በየቅዳሜው፣ መንገድ ካልተዘጋ፣ አዘና እሄዳለሁ፤ አድሬ እመለሳለሁ። ቤቱን አንቺ ትይዣለሽ። የእሑድ ጉባኤሽ ግን ይቀርብሻል አልኳት። አሰበችና ጉባኤው ወደዚህ ይመጣል አለች፤ ሰባት ሆነን አያ ቢረሳው ደጃፍ እንዘምራለን። አያ ቢረሳው ሰምተው ኧረ ተዉኝ አሉ። ግን አልከለከሉም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ አዘና

አለልኝ ገበያ ወርዷል። እኔ ስገባ ስመኝ በር ላይ ቆማ ነበር። ሕፃኑን አቀፍኩላትና ጓዳ ገብተሽ ተኚ አልኳት። ገብታ ወደቀች።

እማማ መደባቸው ላይ ናቸው። አንጓቸው ድኗል፤ ጨርቁን ጥለውታል። ሰላም አልኳቸው። አዩኝ። በጨዋ ደንብ ብድግ ሊሉ ቃጡ።

አላወቁኝም፣ ደብተር። የእንግዳ ዓይን ነው ያዩኝ። አገሬም የለችም፤ የት እንደሄደች እንጃ። ምናልባት አግኝተዋት አርፈው ይሆናል።

የማን ልጅ ነሽ አሉኝ በአገውኛ። ያስተማሩኝን ቃል ሁሉ ፈለግኩት፤ መጣ። ዘውድነሽ እባላለሁ አልኳቸው፤ የጥርባ ልጅ ነኝ። የአባቴን ስም ጠራሁ፣ የእናቴንም ጠራሁ። የእናቴን ስም በዚያ ቋንቋ ከፍ አድርጌ ከጠራሁ ስንት ዘመኔ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግ ሰዎች ናቸው አሉ፤ አያውቋቸውም። ተቀመጪ አሉኝ፣ ከመደቡ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ከጎናቸው ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ያመኛል የመሰለኝን ያህል አላመመኝም። ትንሽ ነው ያመመኝ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንግዳ ብሆን እመጣለሁ፤ እንደገና የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል፣ እንደገና እነግራቸዋለሁ። ስመኝ ደግሞ ባለፈው፣ ከታች ያለች አንዲት ጎረቤቷ አባቷን እንዲሁ ብቻዋን እንደምትጠብቅ ነግራኛለች። ስትነቃ ቤቱን ታሳየኛለች። ሙሉን እጠይቃታለሁ፤ ከጉባኤዋ ተራ ገብታ የምታሳርፍ አንድ ሁለት ሴት አታጣም። ከእኛም ከማርያም ደጅ

ሕፃኑ ተንቀሳቀሰ። አፉን እያጣመመ ነው፤ ሊያለቅስ ነው። እናቱን ሳይቀሰቅስብኝ ላንሣው፣ ቆይ